ልጅዎ ናት ያልኩበት ወረቀት

ድሬዳዋ፣ መስከረም 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለወይንሸት ሀብተ ማርያም
ማርሴይ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልሽ፤ የባሕር ማዶውን ብርድ ከላይሽ ላይ ያንሳልሽ።

ማዳም ኦዴት እንዴት ናቸው? ባለቤታቸው ሙሴስ? ያቺ በጀርባሽ ያሳደግሻት ክሌር ትምህርት ቤት ገባች ብለሽ ነበር፤ መቼም አድጋለች። ድሬ እንዳለች ናት። የከዚራ ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው የነበሩት ፈረንጆች ናቸው የሄዱት። የነሱን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ሳጥብ ያረጀሁት ሴትዮ ዛሬ የመኮንንና የባቡር ሹም ሸሚዝ አጥባለሁ። ቆሻሻው ያው ነው፤ ኮሌታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ካውያዬም ያው የከሰሉ ነው። ባለፈው ፍም ዘሎ የአንድ ሻምበል ሸሚዝ አቃጠለብኝ። የሻምበል! ያን ቀን ነፍሴ አልቀረችልኝም።

እንግዲህ ሳላፍር ልንገርሽ፤ የኤሌክትሪክ ካውያ ላኪልኝ። የጥሩወርቅ ልጅ ጅዳ ገብታ ዓመት ሳይሞላት ካውያም ራዲዮም ልካለች። አንቺ ከሄድሽ ሰባተኛ ዓመትሽ ነው። እስከ ዛሬ ያየሁት አንድ ሻሽና ሦስት ፎቶግራፍ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ትምህርት ላይ ናት እላለሁ።

ይህን የምትጽፍልኝ ፋና ናት። ያቺ ወተት ታመጣልን የነበረችው የመሪያም ልጅ፤ በጦርነቱ ዓመት እናቷ እኔ ዘንድ ትታት ሄደች። ስሟ ፋዱሞ ነበር፤ ለአፌ አልመች ሲለኝ ፋና አልኳት። በመሠረተ ትምህርት ከሰፈሩ አንደኛ ወጥታ ደብተር ተሸለመች። አሁን ያንን የባቡር ጸሐፊ፣ አቶ ገብረ መድኅንን፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ እያልኩ ደጅ መጥናት ቀረልኝ።

ማዳምን እጅ ንሺልኝ። ውለታቸውን አልረሳም በያቸው።

አክስትሽ ማዘንጊያ በዛብህ


ማርሴይ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእናትም ለአክስትም ለሆኑኝ ለእትዬ ማዘንጊያ

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ ደጅዎን የሚያንኳኳ ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ።

ክሌር አድጋለች፤ ጥርሷ እየወለቀ ነው። እኔ ግን ትምህርት ላይ አይደለሁም። ትምህርት ቤት የማውቀው እሷን ሳደርስ በሩን ነው። ካውያም በየቀኑ እይዛለሁ፤ የኔ አይደለም እንጂ።

እትዬ፣ መግዣ የለኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ያልነገርኩዎ አፍሬ ነው። ከድሬ ከወጣሁ ጀምሮ አንድም ወር ደመወዝ ተከፍሎኝ አያውቅም። ለገና ልብስ ይሰጡኛል። ቴምብር ስፈልግ ማዳም ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። ስሜ እዚህ ሶፊ ነው። ቤቱን አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሕፃኗንም አሳድጌያለሁ፤ የምተኛው ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ነው።

ዘንድሮ እዚህ አዲስ መንግሥት ገብቷል። መኖሪያ ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሠራተኛ መሆኑን ካስረዳ ወረቀት ይሰጠዋል ተብሏል። ማመልከቻው እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው። ይህን የነገረችኝ የሕንፃውን ደረጃ የምታጸዳ አንዲት የአልጄሪያ ሴት ናት፤ የሚረዳ ማኅበርም እሷ አሳየችኝ። ማዳምን «ሠራተኛዬ ናት ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ደነገጡ። እጄን ይዘው «ሶፊ፣ አንቺ ልጃችን ነሽ እንጂ ሠራተኛችን አይደለሽም» አሉኝ፤ እንባቸውም መጣ። ሳህኑን ማጠብ ቀጠልኩ።

ወረቀቱ ከሌለኝ ከዚህ ቤት መውጣት አልችልም። ብወጣ ፖሊስ ይይዘኛል። ስለዚህ እባክዎ፣ ገና ድሬ ሳሉ ለሥራ እንደገባሁላቸው እርስዎ መስክረው ያስጽፉልኝ፤ የቀበሌ ማኅተም ይኑርበት። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ልጅዎ ወይንሸት


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወይንሸት

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ጫፉ ተከፍቶ ደረሰኝ። ፋና ስታነብልኝ መሃል ላይ ድምጿ ጠፋ፤ «ምን ሆነሽ? አንብቢ እንጂ!» ብያት ነው የጨረሰችው።

አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? ያሳደገ ሰው ይከሰሳል? እናትሽ ስትሞት አንቺን ይዤ ከቤት ቤት ስዞር ማን ነው በሩን የከፈተልሽ? ማዳም አይደሉም? እኔ ጠዋት ገብቼ ማታ የምወጣ አጣቢ ነበርኩ። አንቺን ግን ቤታቸው አስገቡሽ፣ ባሕር አሻገሩሽ። ስንቷ የከዚራ ልጅ ናት ባቡር ጣቢያ ድረስ እያለቀሰች ሸኝታሽ የቀረችው!

እኔስ ቤት ፋና አለች አይደል? ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እንደ ልጅ ትኖራለች። ደመወዝ የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የቀበሌ ዘመቻ ሲጠራ በኔ ፋንታ የምትወጣው እሷ ናት፤ ይሄው ቅር ብሏት አያውቅም። ቤተሰብ ማለት ይሄ ነው።

ቀበሌውን ደግሞ ምን እንደሆነ ሳታውቂው ነው የወጣሽው። ፈረንጅ አገር ላለች ልጅ ማኅተም ስጡኝ ብዬ እንድሄድ ትፈልጊያለሽ? ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ካውያውን ተይው። የከሰሉ ይበቃል፤ ፋና ለምዳዋለች። ታገሺ ልጄ። ማዳምን አታስቀይሚያቸው።

ማዘንጊያ በዛብህ


ማርሴይ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ ማዘንጊያ

ጤና ይስጥልኝ።

ማኅበሩ ከማዳም ጋር ቀጠሮ አስይዞልኝ ነበር። ማዳም አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ቢጫ ሆኗል፤ በፈረንሳይኛ ተተይቧል። «የእህቴን ልጅ ወይንሸትን ከዛሬ ጀምሮ ሰጥቻለሁ፤ ልጅዎ ናት፤ እንደ ወደዱ ያድርጓት» ይላል። ከታች የአውራ ጣት አሻራ አለበት። የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም አልጠየቅኩም። ካውያ ያቃጠለዎ ጠባሳ መሃሉን ያቋርጠዋል።

የማኅበሩ ሰው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ «ይህ ልጅን ለጉዲፈቻ መስጠት ነው የሚመስለው፤ በዚህ ላይ ሠራተኛ ናት ብለን እንዴት እንከራከራለን?» አለኝ። ማዳም ወረቀቱን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ማታ ቤት ስንገባ እራት ሠራሁ።

እትዬ፣ አልወቅስዎትም። እኛ አገር ልጅዎ ናት የማይል ማን አለ? ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው ለመምህሩ ይላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚያስገባው ለሐኪሙ ይላል። እዚህ ያለው ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ የተጻፈውን ነው የሚያየው። ያንን ቃል የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ ምን ለማለት እንደፈለጉ ሊያስረዱ የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። ማመልከቻው እስከ የካቲት ሃያ ተራዝሟል። ከዚያ በኋላ የለም።

ስለ ፋና ያስጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ በገዛ እጇ ጻፈችው። እጇ እንዴት ነው? ያ ካውያ እኔንም ትንሽ ሆኜ አቃጥሎኛል።

ወይንሸት


ድሬዳዋ፣ ጥር 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ይቅርታሽን ልጠይቅ። ስለዘገየሁም፣ ባለፈው ስላስጻፍኩብሽ ክፉ ቃልም።

ያ ወረቀት የተጻፈው አቶ ገብረ መድኅን ቢሮ ነው። ማዳም ለመርከቡ ያስፈልጋል አሉ። ገብረ መድኅን ጣቱን የጽሕፈት መኪናው ላይ አድርጎ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። ምን ልበል? ሰው ልጁን ለሰው ሲሰጥ የሚለውን አልኩ። ልጅዎ ናት ማለት ትብላ፣ ትልበስ፣ ትማር፣ ስትደርስም ጎጆ ትውጣ ማለት ነው። ሰሚው እንዲፈራበት ነው የሚባለው። ማዳም ደስ አላቸውና ሳሙኝ። እኔም የገባቸው መስሎኝ ጣቴን ቀለም ነከርኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ፣ ከገና በዓል በፊት፣ ቀበሌ ሄጃለሁ። ፋና ምስክርነቱን ጽፋልኝ፣ የመኮንኖቹንም ልብስ ተሸክማ ከኋላዬ ነበረች፤ ከቀበሌው አልፈን ለባለቤቶቹ ልናደርስ። ጸሐፊው ሱሌማን ነው፤ መጋላ ሰፈር ብስክሌት ያከራይ የነበረው፣ ታውቂዋለሽ። እኔ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አነበበና «አቦ እትዬ ማዘንጊያ፣ ጥሩ ምስክርነት ነው! ያለ ደመወዝ ያገለገለች ሠራተኛ። ማኅተሙን እመታለሁ፤ የቤተሰብ ቅጽዎን ብቻ ላያይዝ» አለኝ። ቅጹን አወጣ። «ፋና በዛብህ፣ ልጅ» ይላል። በቤተሰብ ቁጥር ለሚታደለው የስኳር ራሽን ብዬ በአባቴ ስም አስመዝግቤያት ነበር።

ሱሌማን ቀና ብሎ አያትና በሶማሊኛ አንድ ነገር ጠየቃት። መለሰችለት። «ምን አልካት?» አልኩት። «የአባቷን ስም ነው የጠየቅኳት። ዲሪዬ ነው» አለኝ። አራት ዓመት ቤቴ ስትኖር እኔ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ያ ነገረኛ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ «እና ይቺ ልጅ ናት ወይስ ሠራተኛ? ሁለቱም ወረቀት ላይ ነው የምፈርመው እኮ» አይለኝም? ወረፋው ሁሉ ወደኔ ዞረ። «ልጄ ናት!» ብዬ ቅጹን ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ። ማኅተሙንም ሳላስመታ።

ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ሳጉረመርም ከረምኩ። ሱሌማንን ሰደብኩ፣ አንቺን ሰደብኩ፣ ጉልበቴን ሰደብኩ። ቀንሽ ሲያልቅ እያወቅኩ ነው። በመጨረሻ ከጥምቀት ወዲህ ፋናን ጠራሁና «ያኛው አጭር ነው፤ በዝርዝር እንደገና እንጻፈው» አልኳት። እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «ገና በልጅነቷ ገባች። ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች። ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ትሸከማለች። ትምህርት ቤት አልተላከችም። ስሟን ለወጡባት። እጇን ሲያቃጥላት ሐኪም ዘንድ አልተወሰደችም...» እዚህ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የማንን ነው የምንጽፈው?» አለችኝ።

«የወይንሸትን ነዋ!»

«ሀዬ» አለችና ቀጠለች፤ በሶማሊኛ እሺ ማለቷ ነው። ያ ሀዬ ነው የገደለኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሃረብ የጠቀለለችበትን እጇን እያየሁ ቁጭ አልኩ። እናቷ መሪያም ትዝ አለችኝ። የወተቱን ዕቃ በሬ ላይ አስቀምጣ፣ ልጅቷን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ልጅሽ ናት» ነበር ያለችኝ። እኔም ማዳም እንደሰሙት ነው የሰማሁት። አፈርኩ ወይንሸት፤ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

በማግስቱ ተመለስኩ። «ሱሌማን፣ ጻፍ» አልኩት። «ፋዱሞ ዲሪዬ፣ ሠራተኛ።» ስኳሩ እንደሚቀነስብኝ ነገረኝ። ይቀነስ አልኩ። ማኅተሙን መታ፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው። ልጅዎ ናት ያልኩት እኔ መሆኔንና ምን ማለቴ እንደነበረም ሁሉንም አስጽፌበታለሁ። አቶ ገብረ መድኅንም በፈረንሳይኛ ገልብጦ ፈርሞበታል። 

እግዚአብሔር ከዚያ ቤት በሰላም ያውጣሽ።

አክስትሽ ማዘንጊያ

ከዚህ በታች ያለው የራሷ ነው። ምን እንደምትጽፍ አላነበበችልኝም።

እኅቴ ወይንሸት፣ እኔ ፋዱሞ ነኝ። እስካሁን የጻፍኩት የሷን ቃል ነው፤ ይሄ የኔ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወረቀቱን ስታገኚ ከዚያ ቤት ትወጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ወላሂ ማወቅ ፈልጌ ነው። መልሱን ለፋዱሞ ብለሽ ጻፊልኝ። እጄ ድኗል።


ማርሴይ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ ማዘንጊያ እና ለፋዱሞ ዲሪዬ

ሁለታችሁም በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። ፋሲካው በደስታ እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤያችሁ ቀኑ ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። የማኅበሩ ሰው የእትዬን ምስክርነት ጮክ ብሎ አነበበው። «ሰሚው እንዲፈራበት ነው የሚባለው» የሚለው ላይ ቆም አለና እንደገና አነበበው። ማዳም ቢጫውን ወረቀት ከቦርሳቸው አላወጡትም። እስክሪብቶ ተቀብለው ሠራተኛዬ ናት ብለው ፈረሙልኝ።

በመጋቢት መጀመሪያ ወረቀቱን ሰጡኝ። ጸሐፊዋ ስሜን ስትጠይቀኝ ሶፊ ልላት ነበር፤ ለጥቂት ተረፍኩ። ወይንሸት ሀብተ ማርያም ይላል። ከሥሩ፣ ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ። መንገድ ላይ ቆሜ ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኩ፤ አለቀስኩም። እትዬ ይሳቁብኝ፤ ሰው ሠራተኛ ተብሎ እንዲህ ደስ ይለዋል? የሰባቱን ዓመት ደመወዝ ማኅበሩ ይጠይቅልኛል፤ ይከፈል አይከፈል አላውቅም።

ፋዱሞ፣ ላንቺ ነው ይሄ። ወጣሁ። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ገባሁ፤ ከአልጄሪያዊቷ ጋር ክፍል ተጋርቻለሁ። ቀላል ነው አልልሽም። ክሌር ደረጃው ላይ ቀሚሴን ይዛ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ስትለኝ ልቤ ሊፈርስ ነበር። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ አሁንም እወዳታለሁ። እየወደድኳት ወጣሁ። አንቺም ልብሽ እንዲህ ሁለት ከሆነ አትደንግጪ።

በመጀመሪያው ደመወዜ የኤሌክትሪክ ካውያ ገዝቻለሁ። በጅቡቲ በኩል ይደርሳል። እትዬ እንዳይቀየሙኝ፤ የላኩት በፋዱሞ ስም ነው።

ወይንሸት


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከጠዋት ጀምሬ አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ፊደሎቹ ሰክረዋል፤ ችለሽ አንብቢው።

ፋዱሞ የለችም። ከሰኔ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። ከእናቷ ዘመዶች ጋር መጋላ ነው ያለችው። እሁድ እሁድ እየመጣች ታስተምረኛለች። እንደ ወታደር ናት፤ ካልጻፍኩ አትነሳም።

የአራት ዓመቷን ልከፍላት አልችልም። ስትሄድ የእናቴን የጆሮ ወርቅ ሰጠኋት። አልዋሽሽም፣ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ እምቢ እንድትልም ፈልጌ ነበር። «ሀዬ» ብላ ወሰደችው። ያን ማታ ተናደድኩ። ሲነጋ ግን ያንሳል አልኩ።

ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ልብሱን ራሴ እተኩሳለሁ፤ ወገቤ ስንት ሸሚዝ እንደነበረ አሁን ነገረኝ። እሷ ይህን ሁሉ ስትሠራ እኔ ምን እሠራ ነበር? ከደንበኛ ጋር እያወራሁ ሻይ እጠጣ ነበር።

ካውያው ደረሰ። «ያንቺ ነው፣ ስምሽ አለበት» ብዬ ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ሳቀች። «አቦ ማዘንጊያ፣ እኔ ከካውያ ተገላግያለሁ። አንቺ ተኩሺበት» አለችኝ። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ፍም የለው፣ አመድ የለው፤ እጅሽ ይባረክ።

ትናንት እሁድ መጣች። የፋብሪካ ሸሚዟ ተጨማዷል። «አምጪው» አልኳትና ነጠላዬን አልብሼያት ተቀመጠች። ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ደረቱን፣ ለሻምበሉ እንደማደርገው አድርጌ ተኮስኩላት። ለበሰችውና ኪሷ ውስጥ እጇን ከተተች።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

ልጄ አይደለሽም ወይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መለስኩት።

«ሃምሳ ሳንቲም» አልኳት። ከፈለችኝ።

አክስትሽ ማዘንጊያ በዛብህ